ከትራክተሩ በፊት አውድማውን እዪው

እኅቴ፣ ከቢቸና የላክሽልኝን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቀሽ ያለ ሥራ 2 ዓመት ሊሞላሽ ነው። ከ4 ጓደኞችሽ ጋር ተደራጅታችሁ ትራክተር በሊዝ ልትወስዱ አስባችኋል። አባትሽ ደግሞ የመንግሥት ቅጥር ጠብቂ ይሉሻል። እኔን ብትጠይቂኝ ከመውቂያ ማሽን ጀምሩ።

ያደግሁት ሉማሜ አካባቢ ነው። አረም በወንፈል ነበር የምናርመው፤ ዛሬ የእነ እገሌን፣ ነገ የኛን። ለአረም ቀኑን ማሸጋሸግ ይቻላል። አጨዳና ውቂያ ላይ ግን የሁሉም ጤፍ ባንድ ሰሞን ይደርሳል። ሁሉም የራሱን ሊያነሳ ሲሯሯጥ ወንፈሉን የሚመልስ እጅ ይጠፋል። ደቦ እንጥራ ብትይ የጠላው፣ የእንጀራው፣ የወጡ ወጪ አለ። ጉልበት ያላቸው ልጆች ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው ገና አልተመለሱም። አንድ ዓመት ተራችን ሳይደርስ የኅዳር ዝናብ መጣ። እናቴ ክምሩን በሸራ ለማልበስ ስትሮጥ ዛሬም ይታየኛል። በኋላ ስንገልጠው ከሥር ያለው ነዶ ጠቁሯል። ጭንቁ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ሥራሽም እዚያው ነው።

ትራክተር መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ማሳው በኩታ ገጠም ከተያያዘ ያዋጣል። አንድ ጥማድ እዚህ፣ ግማሽ ጥማድ ከወንዝ ማዶ ከሆነ ግን ከሚያርሰው የሚዞረው ይበዛል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ጎማ ይውጣል። ኮምባይነርም፣ ያ አጭዶ የሚወቃው ትልቁ ማሽን፣ ለስንዴው ነው እንጂ ጋሽቦ መሬት ላይ የተኛ ጤፍ አይመቸውም። መውቂያ ማሽን ግን አውድማ ለአውድማ ይዞራል። ጭዱም እዚያው ለከብቱ ይቀራል፤ ገበሬው ጭዱን ከእህሉ እኩል ነው የሚሳሳለት።

ስለ ሰብሉ ታውቂያለሽ፤ የጎደለሽ የእጅ ሙያ ነው። ቺንጋ ሲበጠስ ወይም ኩሽኔታ ሲበላሽ ከደብረ ማርቆስ መካኒክ እስኪመጣ ከቆማችሁ የዕለቱ ገቢ ሄደ። ከ5ታችሁ ቢያንስ 2ታችሁ ቴክኒክና ሙያ ገብታችሁ የሞተር ጥገና ተማሩ። ባሕር ዳር ያለው የግብርና ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከልም ሄዳችሁ ማሽኖቹን ባይናችሁ እዩ፤ እየሠሩ አሳዩን በሉ።

ልማት ባንክ በሊዝ ማሽን ያቀርባል። ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ግን ማሽኑ የናንተ አይደለም፤ ይሄን ሁላችሁም ሳትፈርሙ እወቁት። ውቂያው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግፋ ቢል ነው። በቀረው ጊዜ በቆሎ መፈልፈል አለ፣ አንቺም ለቅጥር ማመልከትሽን አትተዪ። አባትሽም በዚህ ደስ ይላቸዋል።

መጀመሪያ ግን ደብተር ይዘሽ ቀበሌሽን ዙሪ። ጤፌን ላንቺ አስወቃለሁ የሚሉ 30 ገበሬዎችን ጠይቀሽ ስማቸውን፣ የማሳቸውን ስፋትና በየትኛው ሳምንት እንደሚያጭዱ ጻፊ። መኪና የማይገባበትን አውድማ ለይተሽ ምልክት አድርጊበት። ዝርዝሩን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።