ሳይመሽ የሚዘጋጅ ወረቀት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣ ሪፖርተር ነኝ። በዚህ ወር ብቻ ሁለት ባልደረቦቼ ከዝግጅት ክፍላችን ተወስደዋል። ነገ ተራው የኔ ቢሆን ምን አዘጋጅቼ፣ ለቤተሰቤስ ምን ነግሬ ልጠብቅ?
ስሜ ይቆየኝ

መልስ፦ ዛሬውኑ አንድ ገጽ ይጻፉ። ሙሉ ስምዎ፣ የመታወቂያ ቁጥርዎ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ከነመጠኑ፣ የጠበቃዎና የአሠሪዎ ስልክ ይስፈርበት። አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን ከቤት ውጭ ከሚያምኑት ሰው ዘንድ ያስቀምጡ። ቤት ሲበረበር ወረቀት ሁሉ ተጠራርጎ ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሁለተኛው ነው። የጠበቃውን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት፤ ውክልናውንም አስቀድመው ይፈርሙለት። ከታሰሩ በኋላ አንድ ፊርማ ለማግኘት ብቻ ስንት ቀን ይባክናል።

ለቤተሰብዎ የሚነግሩት ይህን ነው። ፈታሾች ሲመጡ የብርበራ ማዘዣውን አይቶ የፍርድ ቤቱን ስም፣ ቀኑንና የተጻፈውን አድራሻ ማንበብ፤ አለመታገል፤ መመዝገብ። የተወሰደ ዕቃ ዝርዝር ላይ «አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስልክ» ተብሎ ከተጻፈ ቶሎ አይፈረምም። ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ይግባበት። የስልክ መለያ ቁጥር *#06# ሲደወል ስክሪኑ ላይ ይወጣልና አሁኑኑ ገልብጠው ገጹ ላይ ያስፍሩት። ከዝርዝሩ ሥር ባዶ መስመር ከቀረ ይሰረዝበትና ከዚያ ይፈረም። ያልነበረ ዕቃ በኋላ የሚገባው በዚያ ክፍት ቦታ ነው።

ከሁሉም በላይ የተያዙበት ሰዓት በደቂቃው ይጻፍ። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 9 የተያዘ ሰው ሳይዘገይ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። የቃል ኪዳኑ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማብራሪያ ለዚህ 48 ሰዓት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መቆየት እጅግ ልዩ ምክንያት ይጠይቃል ብሏል። ሰዓቱ የሚቆጠረው እጅ ከተያዘበት ጊዜ ነው። ጣቢያው ግን ሰውየውን ማታ ይዞ በማግስቱ ከሰዓት መዝገብ ላይ ሊያሰፍረው ይችላል፤ ያኔ የቤተሰቡ ማስታወሻ ዋነኛ ማስረጃ ይሆናል። «እዚህ የለም» ከተባሉም ይህን ማን፣ የት፣ በስንት ሰዓት እንደተናገረ ይጻፍ። ጠበቃው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ የእስሩን ሕጋዊነት እንዲመረምር የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ሲያቀርብ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ የዜና ምንጮቻችንን የምናገኘው በቴሌግራም ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። የቴሌግራም ተራ ቻት ከላኪው እስከ ተቀባዩ ድረስ አይመሰጠርም፤ እንዲያ የሚመሰጠረው «ሚስጥራዊ ቻት» የሚባለው ነው። ለግሩፕ ደግሞ ይህ አማራጭ ጭራሽ የለም። ለምንጭ ግንኙነት ሲግናል የተባለውን የመልእክት መተግበሪያ እንመርጣለን፤ መልእክቶች ከአንድ ቀን በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ዋትሳፕ የምትጠቀሙ ከሆነ መጠባበቂያ ቅጂውን አስታውሱ፦ ቻቱ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ የቅጂው ማመስጠሪያ ለብቻው ካልበራ ቅጂው ያለዚያ መከላከያ ደመና (የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ይቀመጣል።

ይሁንና ምንጭን አሳልፎ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ረቂቅ የስለላ ቴክኖሎጂ አይደለም። ተከፍቶ የተወሰደ የአንድ ባልደረባ ስልክ የግሩፑን ሁሉ ጽሑፍ ይዞ ይሄዳል። አደጋ ወዳለበት ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት የጣት አሻራና የፊት መክፈቻን አጥፉ፣ ረዘም ያለ የሚስጥር ቃል አስገቡ፣ ስልኩንም ሙሉ በሙሉ ዝጉት። ተዘግቶ የተከፈተ ዘመናዊ ስልክ የሚስጥር ቃሉ እስኪገባ ድረስ አብዛኛው ፋይሉ እንደተመሰጠረ ይቆያል። የምንጩ ስምም በእውነተኛ ስሙ ስልክ ማውጫ ላይ አይግባ። አንድ ማሳሰቢያ፦ መጥሪያ ከደረሰ ወይም ምርመራ ከተከፈተ በኋላ መደምሰስ ማስረጃ በማጥፋት ሊያስከስስ ስለሚችል፣ ማጽዳት ከወዲሁ የዘወትር ልማድ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሠራተኛ ማኅበራችን በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ታገደ፤ የባንክ ሒሳባችንም ተዘጋ። ሊቀመንበራችን ከሥራ ተባርሯል። ወዴት እንበል?
የማኅበሩ ጸሐፊ

መልስ፦ ይህ እጅግ የሚያሳዝንና የሚያስቆጣ ነው፤ በዓለም አቀፍ ደረጃም በግልጽ የተከለከለ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 87 (1948 እ.ኤ.አ.) አንቀጽ 4 ማኅበር በአስተዳደር ውሳኔ አይታገድም፣ አይፈርስም ይላል። የሊቀመንበሩን መባረር የሚመለከተው ስምምነት ቁጥር 98 ነው፤ በማኅበር ተግባሩ ምክንያት ሠራተኛን ማባረር ይከለክላል።

በአገር ውስጥ የይግባኝ ቀን እንዳያልፋችሁ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን በፖስታው ላይ ጻፉ፣ ፖስታውንም አትጣሉ። ከዚያ ለዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ አቤት በሉ። ኮሚቴው ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን አገሩ ስምምነቶቹን ባያጸድቅም አቤቱታ ይቀበላል። ግለሰብ ግን አቤቱታ ማቅረብ አይችልም፤ የማኅበሩ ወይም የፌዴሬሽኑ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ መሆን አለበት። አቤቱታ የሚደክመው «መብታችን ተረገጠ» በሚሉ ገጾች ሲሞላና ዝርዝር ሲያጣ ነው። የእግዱ ደብዳቤ ቁጥርና ፈራሚው፣ ባንኩ ሒሳቡን የዘጋበት ቀን፣ የስንብቱ ደብዳቤ፣ ሊቀመንበሩን የመረጠው ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፦ እነዚህ በቀን ቅደም ተከተል ይያያዙ።

የማኅበሩን ማኅተም ማን እንደያዘ ዛሬውኑ አረጋግጡ። ማኅተሙ ከእጃችሁ ከወጣ በማግስቱ በስማችሁ «አዲስ አመራር ተመረጠ» የሚል ደብዳቤ ሊወጣ ይችላል። የአባላትና የመዋጮ ዝርዝሩም ቢሮ ውስጥ አይደር፤ ለሚቀጥለው የስንብት ደብዳቤ የስም ዝርዝር የሚሆነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በጻፈው ጽሑፍ ታስሯል። አስቸኳይ ጊዜ ስለታወጀ ፍርድ ቤት አይቀርብም ተባልን። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አስቸኳይ ጊዜ አንዳንድ መብቶችን ለጊዜው ሊገድብ ይችላል፤ ማሰቃየትን ግን በፍጹም አይፈቅድም። የእስሩን ሕጋዊነት ፍርድ ቤት እንዲመረምር የመጠየቅ መብትም እንደሚጸና የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴው አስታውቋል። አቤቱታውን አስገቡ፤ ጽሕፈት ቤቱ አልቀበልም ካለ እምቢታውን ከነቀኑ መዝግቡ። ጎን ለጎን በዘፈቀደ እስራት ላይ ለሚሠራው የተባበሩት መንግሥታት የሥራ ቡድን መጻፍ ይቻላል። ቤተሰብም መጻፍ ይችላል፤ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶችን አስቀድሞ መጨረስ አይጠየቅም። መንግሥት መልስ እንዲሰጥ በመደበኛው አሠራር 60 ቀን ይሰጠዋል። የወንድምዎ ጤና ወይም ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፈው አስቸኳይ ጥሪ እንዲደረግ ይጠይቁ።