አስፒሪኑ ሕመሜን አላስታገሠልኝም፤ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ64 ዓመት ሰው ነኝ። ምግብ በበላሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እምብርቴ አካባቢ ጨምድዶ የሚይዝ ሕመም ይጀምረኛል፤ ሁለት ሰዓት ያህል አስጨንቆ ይለቀኛል። ማዕድ እየፈራሁ በ5 ወር 11 ኪሎ ቀነስሁ። የጨጓራ መድኃኒት ስወስድ ቆይቼ በመጨረሻ በሲቲ ስካን ወደ አንጀት ደም የሚወስዱ ሁለት ቧንቧዎች መጥበባቸው ታወቀ። በቀን 100 ሚሊ ግራም አስፒሪን ታዘዘልኝ፤ ስቴንት (የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ቱቦ) ለማስገባትም ቀጠሮ ተያዘልኝ። አስፒሪኑን አንድ ወር ዋጥሁት፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ባለቤቴ «አስፒሪን ጨጓራ ይልጣል፤ የሚያሳምምህ እርሱ ነው» ትለኛለች። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ባለቤትዎም ግን ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም፤ እመለስበታለሁ።

አንጀት ምግብ ሲገባለት ሥራ ይበዛበታል፤ ደምም በብዛት ይፈልጋል። ባዶውን ሲሆን በጠባቡ ቧንቧ የሚደርሰው ይበቃዋል፤ ሲሠራ ግን ያጥረዋል። ሳይበሉ ደኅና ሆነው በልተው የሚታመሙት ለዚህ ነው። እኔም በወጣትነቴ ይህን በሽታ ስቼዋለሁ። አንዲት እናት እየከሱ ሲሄዱ እያየሁ ለወራት በጨጓራ መድኃኒት አመላለስኋቸው። አንድ ታላቅ ባልደረባዬ «የማይበሉት ምግብ አስጠልቷቸው ነው ወይስ ፈርተው? ጠይቃቸው» አለኝ። ጠየቅኋቸው። «ይርበኛል ልጄ፣ ግን እፈራለሁ» አሉኝ።

አሁን ወደ አስፒሪኑ። ቧንቧዎን ያጠበበው ግድግዳው ላይ በዓመታት የተጋገረ ስብና ካልሲየም ነው። አስፒሪን ይህን አይፍቀውም፤ ስለዚህ ሕመሙን ያስታግሣል ብለው አይጠብቁት። ሥራው ሌላ ነው። ደም ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ፤ ቁስል ባገኙበት ተረባርበው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው ይደፍኑታል። የተጋገረው ነገር ሲሰነጠቅም ያንኑ ያደርጋሉ፤ ያን ጊዜ የቀረችው ቀዳዳ ትዘጋለች። አስፒሪን ያገኘው ፕላትሌት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ የመጣበቅ ጉልበቱ ይደክማል። ልብዎና አንጎልዎም በዚሁ ይጠበቃሉ፤ በሽታው የአንጀት ቧንቧን ብቻ መርጦ አይመጣምና። በእርግጥ ይህን ምክር የምንሰጠው በአብዛኛው ከልብና ከእግር ደም ቧንቧ ሕሙማን በተገኘ ማስረጃ ተመርኩዘን ነው፤ የእርስዎ ዓይነት ሕመም ብዙ ሰው ላይ ስለማይታይ በእርሱ ላይ የተደረገው ጥናት ትንሽ ነው።

ሕመሙን የሚያስለቅቀው መንገዱን መክፈት ነው፤ ቀጠሮዎን እንዳያሳልፉ። ስቴንቱ ከገባ በኋላ ብዙ ጊዜ ክሎፒዶግሬል የተባለ፣ እንደ አስፒሪን ፕላትሌቶችን የሚያደክም ሌላ መድኃኒት፣ 75 ሚሊ ግራም ለተወሰኑ ወራት ይጨመራል፤ አስፒሪኑ ግን እስከ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። አዲስ የገባ ብረት ፕላትሌቶችን ይጠራል። ስለዚህ ጥርስ ለማስነቀል ቢሆን እንኳን ስቴንት ያስገባልዎትን ሐኪም ሳይጠይቁ ሁለቱን አያቋርጡ።

የባለቤትዎ ነገር፦ አስፒሪን በእርግጥ ጨጓራን ሊያቆስልና ሊያደማ ይችላል። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰዎ በዚያው ቀን ይታዩ። ቀድሞ የጨጓራ ቁስለት ከነበረዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ሊጨመርልዎ ይችላል። ክሎፒዶግሬል ሲጀምሩ ግን ኦሜፕራዞል ጉልበቱን ስለሚቀንስበት እንደ ፓንቶፕራዞል ያለ ሌላ ይመረጣል። ለራስ ምታት ብለው አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ አስፒሪኑን ሥራ ያስፈታዋል፣ የመድማቱንም አደጋ ያባብሳል።

ማጨስ አለማጨስዎን አልጻፉልኝም፤ ዝም ያሉት የሚያጨሱ ስለሆነ እንዳይሆን እፈራለሁ። ከሆነ ዛሬውኑ ይተዉ። ኮሌስትሮል የሚቀንስ ስታቲን ታዝዞልዎት እንደሆነም ይጠይቁ።

እስከ ቀጠሮው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይብሉ። ምግብን ሳይጠብቅ ድንገት የሚመጣ፣ የማይለቅ ብርቱ ሕመም ከተሰማዎ ግን አይተኙበት፤ በዚያችው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።