ቡቺ ድንገት ምን ነካት?

የውሻ ወዳጆች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡቺ የምትባል የአምስት ዓመት ውሻ አለችን። ሰማይ ሲያጓራ እንኳ ጎኗን ሳትቀይር የምትተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ ከእኛ ቀድማ የምትቀበል ውሻ ነበረች። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ሌላ ውሻ ሆናብኛለች። ማታ ማታ ከተኛችበት ብድግ ትልና ትንቀጠቀጣለች። ጅራቷን እግሯ መሀል ወትፋ አልጋ ሥር ትገባለች፤ ብንጠራት ብንለምናት አትወጣም። ድሮ ገመዷን ሳነሳ በደስታ የምትዘለው አሁን ገመዱን ስታይ ትሸሻለች። ባለቤቴ "እያባበልሽ አሞላቀቅሻት፣ ጎትተሽ አውጫት፣ ይለቃታል" ባይ ነው። አንድ ቀን እሱ ራሱ ጎትቶ አወጣት፤ ደጃፍ ላይ መሬት ተለጥፋ ቀረች፣ ሽንቷንም ለቀቀች። እኔም አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ጮህኩባት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። እባካችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቁጭቱን ተይው። ሦስት ሳምንት በሰላም ያልተኛ ሰው ይጮሃል። ከአሁን በኋላ አለመድገሙ ይበቃል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከምንም በፊት የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት። ይሄን የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም። ከቡችላነቷ ጀምሮ ፈሪ የሆነች ውሻ ጉዳይዋ ሌላ ነው። ዓመታት ምንም ሳትፈራ ኖራ በአንድ ጊዜ የተለወጠች ውሻ ስትገጥመኝ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሕመም ነው። ወገቧን ወይም ዳሌዋን የሚያማት ውሻ ድምፅ ሰምታ ስትደነግጥ ጡንቻዋ ይኮማተራል፣ ሕመሙም ይብስባታል። ሕመሙ ከየት እንደመጣ ግን አታውቅም። የምታውቀው ያ ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም እዚያ ቦታ ስትደርስ፣ እንደሚያማት ብቻ ነው። ስለዚህ ድምፁን ትፈራለች፣ ቦታውን ትፈራለች፣ ውሎ አድሮ ቦታውን የሚመስለውን ሁሉ ትፈራለች። የእንግሊዝና የብራዚል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ድምፅ የሚፈሩ 20 ውሾችን አይተው ነበር፤ 10ሩ የጡንቻ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው፣ 10ሩ የሌለባቸው። የሚያማቸው ውሾች ፍርሃቱ የጀመራቸው ከሌሎቹ በአማካይ አራት ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ያንቺ ቡቺም ፍርሃቷ የጀመራት አምስት ዓመቷ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የማልዘለው።

ሐኪሙ ጀርባዋን፣ መገጣጠሚያዎቿን፣ ጥርሷን፣ ጆሮዋንና ዓይኗን ይይልሽ። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራም ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቂው። ከመሄድሽ በፊት ማታ ስትንቀጠቀጥ፣ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ፣ ከተኛችበት ስትነሳ በስልክሽ ቅረጫት። ውሻ ክሊኒክ ሲገባ ከድንጋጤው የተነሳ ሕመሙን ይደብቃል፤ ቤት ስታነክስ የከረመች ሐኪም ፊት ቀጥ ብላ ልትሄድ ትችላለች። ያኔ ቪዲዮው ይናገርላታል።

ሐኪሙ ምንም የለባትም ካለ ወይም ሕመሙ ተገኝቶ መታከም ከጀመረ በኋላ ቤቱን መርምሪ። ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ተቀየረ? አዲስ ዕቃ ገባ? ጎረቤት ግንባታ ጀመረ? ከቤተሰብ ሰው ሄደ ወይስ መጣ? ደብተር ያዢና ለአንድ ሳምንት ስንት ሰዓት ላይ እንደምትደነግጥ፣ የት እንደነበረች፣ ምን እየተደረገ እንደነበር ጻፊ። ማታ ማታ ብቻ መሆኑ አንድ ፍንጭ ነው። በድምፅ ቅጥነት መለኪያ በኸርዝ ሲለካ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ገደማ ነው፤ የውሻ ግን እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። እኛ ጸጥታ የምንለው ለእነሱ ጸጥታ ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ኮሪደር ላይ አልረግጥም ያለች ውሻ ዘንድ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ቤተሰቡ ግራ ገብቶት፣ ምንጣፍ ቀይሮ፣ መብራት ቀይሮ ነበር። ቁጭ ብለን ስናዳምጥ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ባትሪው እያለቀ በየተወሰነ ደቂቃ "ጢጥ" ይላል። ሰዎቹ ለምደውት አይሰሙትም፣ እሷ ግን በየመሀሉ ጢጥ እስኪል እየጠበቀች ትኖራለች። ባትሪው ተቀየረ፤ ኮሪደሩን እንደገና ለመልመድ ግን ሳምንታት ፈጀባት። ምክንያቱ ሲወገድ ፍርሃቱ በዚያው ቀን ይጠፋል ብለሽ አትጠብቂ።

አሁን የባለቤትሽ ነገር። ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያምነው። ግን ተሳስቷል፣ ይሄን ሳላለሳልስ ነው የምለው። ፍርሃት ሆን ተብሎ የሚሠራ ጥፋት አይደለም። ስሜት ነው። የፈራን ሕፃን ብታቅፊው ፍርሃቱ እንደማይጨምር ሁሉ ቡቺንም ብታሻሻት ፍርሃቷን አታሳድጊውም። ወደ አንቺ ከመጣች እቀፊያት፣ በለሆሳስ አናግሪያት። አልጋ ሥር ከገባች ደግሞ ተያት፤ የመረጠችው መጠለያ ነው። ውኃዋን አቅርቢላትና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ በይ፤ መጽሐፍም ቢሆን አንብቢ። ልጆች ካሉ ከሥር እጃቸውን እንዳይሰዱ አደራ። መሸሻ ያጣች ውሻ የምትወደውንም ሰው ትነክሳለች።

ጎትቶ ማውጣት ደግሞ አንዳንዴ የሠራ ይመስላል፤ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ውሻዋ መታገሏን ታቆማለች፣ ዝም ትላለች፣ ሰው "ለመደች" ይላል። ሰውነቷን እዪው ግን። ምራቋን ትውጣለች፣ አፍንጫዋን ትልሳለች፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች፣ የዓይኗ ነጩ ይታያል፣ የምትወደውን ሥጋ ብትሰጫት አትቀምስም። ይሄ ተስፋ መቁረጥ ነው። ሥራውን ስጀምር እኔም አንዲት ውሻ የምትፈራውን በር ጎትቼ አሳልፌያለሁ። በሩን አለፈች፤ ከዚያ በኋላ ግን እኔ ገመድ ስይዝ አትቀርብም ነበር። እምነቷን ለመመለስ ወራት ወስዶብኛል።

ታዲያ በምን ትወጣለች? በርቀትና በምግብ። ዘዴው መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ፍርሃቱን እንዲተው ትረዳው ነበር። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ታሳየዋለች፤ ሲረጋጋ ትንሽ ታቀርባታለች። በመጨረሻ ልጁ ጥንቸሏን በእጁ ነካት። ይሄን እ.ኤ.አ. በ1924 ነው የጻፈችው፤ ዛሬ ለፈራ ውሻ የምናደርገውም ይህንኑ ነው።

ለቡቺ እንዲህ ይሁን። ገመዷን ከተንጠለጠለበት አውርደሽ ወለሉ ላይ አስቀምጪው። አየችው? ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ወርውሪላት። ገመዱን መልሰሽ ደብቂ፣ ሥጋውም ይቁም። በቃ፣ ለዛሬ ይሄ ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመሽ ተዪው። ቅደም ተከተሉን አትሳቺ፦ መጀመሪያ የምትፈራው ነገር፣ ቀጥሎ ሥጋው። በሥጋ አታልለሽ ወደ ገመዱ ከወሰድሻት ሥጋውንም መጠርጠር ትጀምራለች። ገመዱን ስታይ ዞር ብላ "ሥጋዬስ?" ብላ ካየችሽ ያኔ ገመዱን በእጅሽ ያዢው። ቀጥሎ ክፍት በር አጠገብ ሳትወጡ ቁሙ። ቀጥሎ ደጃፉ ላይ፣ ሁለት እርምጃ፣ ተመለሱ። መመለስ ስትፈልግ ሁልጊዜ አብረሻት ተመለሽ፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት መሆኑን ካወቀች በራሷ ጊዜ ርቃ ትሄዳለች። የምትወደውን ካልበላች በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ራቂ። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ። እስከዚያው የግድ መውጣት ካለባት ጭር ባለ ሰዓት፣ በአጭሩ፣ በአንገት ሳይሆን በደረት ማሰሪያ ይሁን፤ የፈራች ውሻ ከአንገት ማሰሪያ ሾልካ ትጠፋለች። ስልክ ቁጥራችሁ ያለበት መለያም አይለያት።

ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ ነው፤ ጓ ሲል ወዲያው ሥጋ ወይም የምትወደው ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የ1,225 ውሻ አሳዳጊዎች ጥናት ርችት ለሚፈሩ ውሾች ይህን ካደረጉት ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ረድቶናል ብለዋል።

ክፉ ቀን ይኖራል። አንድ ጠዋት ዕቃ ወድቆ ደንግጣ ከሆነ ማታ ልምምዱን ዝለዪው። ድንጋጤ ይደራረባል፤ የጠዋቱ ሳይለቃት የማታው ሲጨመርበት ትናንት የቻለችው ዛሬ ያቅታታል።

በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ወይም መብላት ካቆመች ስለ መድኃኒት ሐኪሙን አነጋግሪ። ነውር የለውም። ፍሎክሰቲን የመሳሰሉት በየቀኑ የሚሰጡት ለመሥራት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስዱ ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ በሰዓታት ውስጥ የሚሠሩም አሉ። አሴፕሮማዚን ብቻውን ከታዘዘላት ግን ለምን እንደሆነ ጠይቂ፤ ሰውነትን ያዝላል እንጂ ፍርሃቱን አያነሳም። ከራስሽ መድኃኒት ሳጥን ደግሞ ምንም አትስጫት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ውሻን ሊገድሉ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? የኔ ውሻ ዘጠኝ ወሩ ነው፣ ወንድ። በየቀኑ የምናልፈው ቦታ ሸራ የለበሰ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ዓይቶት አያውቅም ይመስል ትናንት ቆመና ፀጉሩን አቁሞ ጮኸበት። የቆሻሻ ገንዳም ፈራ። አበደ እንዴ?

መልስ፦ አላበደም ወንድሜ፣ ጎረመሰ። ከስድስት ወር እስከ 14 ወር ባለው ጊዜ ብዙ ውሾች የሚያውቁትን ነገር ድንገት ይፈራሉ፤ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ዘግየት ሊል ይችላል። ያልፋል። ብቻ በዚህ ወቅት የደረሰ ክፉ ድንጋጤ ሊቀር ስለሚችል ሞተር ሳይክሉን "እንዲለምደው" ብለህ አታስጠጋው። ገመዱን አላላ፣ ጠጋ ብሎ ማሽተት ከፈለገ ይቅረብ፣ ካልፈለገ ዞራችሁ እለፉ። ሲያየውና ዝም ሲል ሸልመው። ሁለት ወር ቆይቶ ካልቀነሰ ወይም ሰው ላይ ማጉረምረም ከጀመረ ግን ተመልሰህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔም ውሻዬም አርጅተናል። እሱ 13 ዓመት አልፎታል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ግን ቤቱን ይዞራል፣ ያለቅሳል። ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይቆማል። አንዳንዴ ከበር ኋላ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል። ስነካው ይደነግጣል። የሚፈራው ሞትን ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሞትን ይፍራ አይፍራ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። የዘረዘሩት ግን ስም አለው፤ በሰው ላይ ከምናየው የመርሳት በሽታ ጋር የሚመሳሰል የአንጎል እርጅና ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ቀንና ሌሊቱ ይገለበጥበታል፣ የሚያውቀው ቤት እንግዳ ይሆንበታል፣ ፍርሃቱም ከዚያ ነው። ሐኪም ይይልዎ፤ ዓይኑ ወይም ጆሮው ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም ሌሊት ያስነሳል። በሽታው ያ ከሆነ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ሴሌጂሊን የሚባለው አንዳንዶቹን ያግዛል፣ ለሕመሙም ማስታገሻ ሊታዘዝለት ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚያደርጉለት ብዙ ነው። ሌሊት ደብዛዛ መብራት ይብራ። ዕቃ ቦታውን አይቀይር። ከበር ኋላ ያለውን ክፍተት በአንድ ነገር ይዝጉት። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉለት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ያውጡት፣ ዝግ ብላችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ምግቡም ሰዓቱን ይጠብቅ። ሌሊት ሲያለቅስ አይቆጡት፣ መኝታውን ግን አልጋዎ አጠገብ ያምጡት። ሊነኩት ሲሉም ከፊት ለፊቱ ይምጡ። ተኝቶ ከሆነ ከመንካትዎ በፊት ወለሉን በእግርዎ መታ መታ ያድርጉ፤ ጆሮው ባይሰማም በሰውነቱ ይሰማዋል። እጅዎን አፍንጫው አጠገብ ያቆዩለት። ጠረንዎን አሽትቶ ራሱን ቀና ሲያደርግ ያኔ ያሻሹት።