አባትሽ 61 ዓመት ስለሞላቸው ብቻ ከመሪ አይወርዱም

እህቴ፣ አባትሽ በ61 ዓመታቸው፣ ደም ግፊትና ስኳር እያለባቸው አውቶቡስ መንዳት ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ብዙ ዓመት አውቶቡስ ነድቼ አሁን ስምሪት ላይ ነኝ፤ የሾፌሮቹ የጤና ወረቀት በእጄ ያልፋል። ባየሁት መጠን ሾፌርን ከሥራ የሚያስቀረው ከዕድሜው ይልቅ ሳይታከም የከረመ በሽታ ነው።

ሕጉ እንደየአገሩ ነው። በእንግሊዝ የአውቶቡስ ሾፌር ከ45 ዓመቱ ጀምሮ በየ5 ዓመቱ፣ ከ65 በኋላ በየዓመቱ ይመረመራል እንጂ የዕድሜ ጣሪያ የለበትም። በአሜሪካ የጤና ማረጋገጫው ቢበዛ 2 ዓመት ያገለግላል፤ ግፊቱ 140/90 ከደረሰ አብዛኛውን ጊዜ ያሳጥሩታል። ጣሪያ ያላቸው አገሮችም ስላሉ መንጃ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ግፊቱን በተመለከተ መድኃኒታቸውን በየቀኑ ይውሰዱ። ምርመራው ሲቃረብ ብቻ መዋጥ የትም አያደርስም። በዕለቱም ደረጃ ወጥተው እያለከለኩ አይለኩ፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ።

ስኳሩ ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃቸው በክኒን ነው ወይስ በኢንሱሊን የሚለውን ነው። ለሾፌር ከሁሉ የሚያሰጋው ስኳሩ በድንገት መውረዱ ነው። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይደበዝዛል፤ ሰውየው ግን ደክሞኝ ነው ብሎ መንዳቱን ይቀጥላል። በኢንሱሊን ከሆኑ ከመነሳታቸው በፊትም በመንገድም ይለኩ፣ ውጤቱን የጻፉበትን ደብተርም ይዘው ይቅረቡ። ስኳር ዓይንንም ስለሚጎዳ የዓይን ሐኪም ሳያዩ አይቅሩ። ፊደሉን ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ፊት ለፊት እያዩ ከጎን የሚመጣውንም መለየት አለባቸው። ከፌርማታ ሲነሱ ከበሩ ጎን የሚሮጥ ተሳፋሪ የሚታየው በዚያ ነው።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው፦ ማንኮራፋት። አንድ የሥራ ባልደረባችን ቀይ መብራት ላይ ቆሞ፣ እግሩ ፍሬን ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ የቀሰቀሱት ተሳፋሪዎች ናቸው። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያደረ፣ መጠጥም የማይቀምስ ሰው ነው። ሲመረመር ሌሊት ትንፋሹ ደጋግሞ ይቋረጥ ነበር። አየር የሚገፋ ጭንብል ታዘዘለት፣ ለውጡ ታየና በሐኪም ፈቃድ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናትሽን ጠይቂ፦ አባትሽ ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆሞ እንደታፈነ ሰው ብንን የሚሉ ከሆነ፣ የመንጃ ፈቃዱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪማቸው ይንገሩ።