ኮምፒውተሩ «ስህተት» ለሚልሽ እህቴ

እህቴ፣ «ኢንኢኳሊቲውን (≤ ወይም > ያለበትን ጥያቄ) በትክክል እፈታለሁ፣ መልሱን በኢንተርቫል (ከየት እስከ የት እንደሆነ በቅንፍ) ስጽፈው ግን የኮሌጁ ኮምፒውተር ስህተት ይለኛል» ላልሽው፦ እኔም በዚሁ ነው የተቃጠልኩት። ሒሳቡን አገር ቤት ተምረሽው መጥተሻል፣ እሱን አልነግርሽም። ጉዱ ያለው ቅንፉ ላይ ነው፦ ክብ ቅንፍ ( ) የዳሩን ቁጥር አያስገባም፣ ባለ ማዕዘኑ [ ] ያስገባል።

1. ኢንፊኒቲ (ማለቂያ የሌለው፣ ∞) አጠገብ ሁሌም ክብ ቅንፍ ነው፣ ምልክቱ ≤ ቢሆንም። ቁጥር አይደለማ፣ ማን ደርሶበት ይዘጋዋል? እኔ ስንት ሳምንት [−∞, 3] እያልኩ ከማሽኑ ጋር ተጣላሁ። (−∞, 3] ነው።

2. ትንሹ ቁጥር በግራ። 4 ≥ ኤክስ > −1 ቢመጣብሽ (−1, 4] ብለሽ ጻፊ። ፈረንሳይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ክፍቱን ጎን ]−1, 4] ብላ ነው የምትጽፈው። እዚያ ልክ ነው፣ አሜሪካ ግን እንዳትሞክሪው።

3. በኔጌቲቭ ስታካፍዪ ምልክቱ ይገለበጣል። ታውቂዋለሽ አይደል? እኔም አውቀው ነበር! ፋይናል ቀን ሌሊቱን ፓርኪንግ ስሠራ አድሬ በቀጥታ ገባሁ። −3ኤክስ + 5 ≤ 11 መጣ። 5 ቀነስኩ፣ −3ኤክስ ≤ 6 ሆነ። አካፍዬ ኤክስ ≤ −2 አልኩና ቅንፌን አሳምሬ (−∞, −2] ጻፍኩ። ቅንፉ እንከን አልነበረውም፣ አቅጣጫው ግን ገደል። መልሱ [−2, ∞) ነው። በኤክስ ቦታ ዜሮ ባስገባ እኮ 5 ≤ 11 ይወጣ ነበር፣ እውነት ነው። ስለዚህ ዜሮ መልሱ ውስጥ መኖር አለበት፣ የእኔ ውስጥ ግን የለም። ይህን ለማየት አሥር ሰከንድ በቂ ነበር። በአንድ ጥያቄ ወደቅኩ፣ ለኮርሱ እንደገና ከፈልኩ።

ደግሞ ከፈተናው በፊት እርዳታ ፈልጌ ማስጠኛው ቢሮ ሄጄ ነበር። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ይሄ የሃይስኩል ነው፣ ቪዲዮ እይ» አለኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ወረቀቴን አጥፌ ወጣሁ።

ያወጣኝ የፓርኪንግ ደረሰኝ ነው። መኪና በሌለበት ሰዓት ጀርባው ላይ የቁጥር መስመር እሰምርና ድሮ የተማርናቸውን ነጥቦች አደርጋለሁ። ባዶው ነጥብ ክብ ቅንፍ፣ የተቀባው ባለ ማዕዘን። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር ኤ አገኘሁ፣ ያውም ሺፍት ሳልቀንስ።

ስህተት ያለሽን ጥያቄ ፎቶ አንሥተሽ ለጥፊው። እስከ ስድስት ሰዓት የፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ ነኝ።