የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሲታሮ አውቶቡስ ለጎጃም መንገድ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የባሕር ዳር ትራንስፖርት ማኅበር አባላት ነን። ያገለገሉ የመርሴዲስ ሲታሮ የከተማ አውቶቡሶች ለመግዛት አስበናል። ደላላው «ሁሉም አንድ ነው፣ የሚለያየው ርዝመቱ ብቻ ነው» ይለናል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አይደለም። እንዲያውም ርዝመቱ ከልዩነቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። መደበኛው ሲታሮ 12 ሜትር ገደማ ሲሆን «ኬ» የሚባለው አጭሩ 10.6 ሜትር ነው። «ኤል» ባለ ሦስት አክስልና 15 ሜትር፣ «ጂ» ደግሞ መሃሉ ላይ የሚተጣጠፍ ባለ ሁለት አካልና 18 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ሲታሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ሁለተኛው ትውልድ በ2011፣ ኤሌክትሪኩ በ2018 ተከተሉ።

ዋናው ጉዳይ ከወለሉ በታች ያለው ነው። ሙሉ ዝቅተኛ ወለል ያለው ዓይነት ከፊት በር እስከ መጨረሻው በር ደረጃ የለውም። ይህ የተቻለው የኋላ አክስሉ ፖርታል ስለሆነ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ወደ ጎን ተገፍቶ፣ የአክስሉ አካል ከጎማው መሃል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ጉልበቱም ጎማው ጋ ባሉ ጥርሶች በኩል ያልፋል። ስለዚህ ዘይት ሲታይ መሃሉን ብቻ አይቶ መነሳት አይበቃም፣ ሁለቱም የጎማ ጫፎች መታየት አለባቸው። እዚያ ዘይት ከጎደለ ጥርሱና ኩሽኔታው ይበላል፣ መለዋወጫው ደግሞ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። «ኤል.ኢ.» የሚባለው ግን እስከ መሃል በር ድረስ ብቻ ዝቅ ያለ ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ በደረጃ ይወጣል፣ አክስሉም የጭነት መኪና መካኒክ የሚያውቀው ዓይነት ነው። ለጎጃም የኛ ምርጫ ያለ ማመንታት ኤል.ኢ. ነው። የኋላ ደረጃው ለአዛውንት ያስቸግራል፣ ግን የፊተኛው ወንበር ለእነሱ ይበቃል።

ሞተሩንም ጠይቁ። «ዩሮ» የአውሮፓ የጭስ ብክለት ደረጃ ነው፤ ዩሮ 3 የሆነው ባለ 6.4 ሊትር ወይም ባለ 12 ሊትር ሞተር አድብሉ (ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመር የዩሪያ ፈሳሽ) አይፈልግም። ዩሮ 4 እና 5 በአብዛኛው ይፈልጋሉ። ዩሮ 6 ደግሞ አድብሉም የጥቀርሻ ማጣሪያም አለው፤ የተሠራውም ድኝ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም ለማይበልጥ ናፍጣ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ካታሊስቱን፣ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ጭስ ማጽጃ፣ ይመርዘዋል፤ አድብሉ ሲያልቅም ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። «የአድብሉውን ገመድ ቆርጠን እናጠፋዋለን» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።

አንድ ነገር እንጨምር። ከእንግሊዝ የሚመጣ ሲታሮ ዋጋው ቢረክስም እንዳትነኩት። መሪው በቀኝ ብቻ ሳይሆን በሮቹም በግራ ናቸው፤ ተሳፋሪው የሚወርደው አስፋልቱ መሃል ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምሠራ መካኒክ ነኝ። የደንበኛዬ አውቶቡስ ማታ ቀጥ ብሎ ይቆምና ጠዋት የኋላ ቀኙ ወርዶ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሳ ይመለሳል። ባሌስትራ የለውም፣ በአየር ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጌጁ ይጀምሩ። ማታ ሲዘጋና ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የፍሬን አየር ግፊቱን ይመዝግቡ። ግፊቱ ባለበት ሆኖ ሰውነቱ ብቻ ከወረደ የሚያፈሰው ቦታ ከከፍታ መቆጣጠሪያ ቫልቩ ወዲያ፣ በባሉኑ (በባሌስትራ ፈንታ ሰውነቱን በሚሸከመው አየር የተሞላ ላስቲክ) ወይም በቱቦው በኩል ነው። ግፊቱም አብሮ ከወረደ ችግሩ ሌላም ቦታ አለ።

በደብረ ማርቆስ ሌሊት ስለሚበርድ የታመቀው አየር ይኮማተራል፤ አራቱም ማዕዘን እኩል በትንሹ ቢወርድ ብልሽት አይደለም። አንድ ማዕዘን ብቻ ሲሆን ግን ያፈሳል ማለት ነው።

ቀጥሎ ሞተሩን አስነስተው ሰውነቱን በማዝዣው ከፍ ያድርጉ፤ በቻሲሱ ማንሻ ቦታዎች ላይ ጠንካራ ድጋፍ ያስገቡና ሞተሩን ያጥፉ። ድጋፍ ሳያስገቡ እጅዎም ጭንቅላትዎም ከሥር አይግባ። ባሉኑ ቢፈነዳ ወይም ቱቦው ቢወልቅ ሰውነቱ ወዲያው ይወድቃል፣ ከሥሩ የሚተርፍ ክፍተትም የለም። ክሪክ ብቻውን ድጋፍ አይባልም።

ከዚያ በሳሙና ውሃ የራሰ ብሩሽ ይያዙ። መጀመሪያ የሚፈተሸው የባሉኑ የታችኛው እጥፋት ነው፤ ላስቲኩ በፒስተኑ ላይ ሲንከባለል የኮብልስቶን ደቃቅ ጠጠርና ጭቃ እጥፋቱ ውስጥ ይገባና ያፋጨዋል። ስንጥቁ የሚታየው ሰውነቱ ከፍ ብሎ እጥፋቱ ሲዘረጋ ነው፤ ወርዶ እያለ ብዙ ጊዜ ይደበቃል። አረፋ ካላገኙ ወደ ቱቦው መገጣጠሚያ፣ በመጨረሻም ወደ ቫልቩ ይሂዱ። ቫልቩ ውስጥ ውሃ ካለ ባሉን መቀየር ዋጋ የለውም፤ የአየር ማድረቂያው ካርትሪጅ አልቋል፣ እሱን ቀይረው ታንኮቹን ያፍስሱ።

የከፍታ ዳሳሹን ዘንግ በግምት አያስረዝሙ፣ አያሳጥሩ። ጎኑ ለጊዜው ቢስተካከልም ሰውነቱ ጠምሞ ይሄዳል። ከተፈታ በመመርመሪያ ማሽን እንደገና ይለካ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚሄደው። ዝቅተኛ ወለል ያለው አውቶቡስ ያለ ሰው እርዳታ ያሳፍረዋል? (ፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እህታችን፣ መልሱ ያለው ፌርማታው ላይ ነው። የሲታሮ በር ከመንገዱ 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ሾፌሩ ወደ በሩ ጎን ሲያወርደው 25 አካባቢ ይደርሳል። መሃል በሩ ላይ ያለው ታጣፊ መወጣጫ 1 ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ከአስፋልት ሲዘረጋ በአንድ ሜትር 25 ሴንቲ ይወጣል፣ ይህ ለብቻው ለሚገፋ ሰው ዳገት ነው። ፌርማታው 15 ሴንቲ ከፍ ያለ ጠርዝ ካለው ግን 10 ሴንቲ ብቻ ይቀራል፣ ያኔ ወንድምዎ በራሱ ሊገባ ይችላል። መወጣጫው በእጅ የሚዘረጋ ከሆነ ሾፌሩ ወይም ረዳቱ መውረድ አለበት። ውስጥ ሲገባ ወንበሩ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባውን ለዚያ በተሠራው መደገፊያ ላይ ያሳርፍ፣ ፍሬኑንም ይያዝ።

ጥያቄ፦ የገዛነውን ሲታሮ ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን በራሱ ጎማ ልናመጣው ነው። ዓባይ በረሃን ይወጣዋል? (ደጀን)

መልስ፦ ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ ያሳስበናል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮው ውስጥ ሪታርደር፣ ማለትም የጎማ ፍሬን ሳይነካ አውቶቡሱን የሚያዘገይ መሣሪያ፣ አለ፤ ፍጥነቱን ሲይዝ የሚያወጣው ሙቀት ግን ወደ ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ይገባል። ሞተሩ በዝግታ ከዞረ የውሃ ፓምፑም ዝግ ስለሚል ውሃው ይግላል፤ ኮምፒውተሩም ሪታርደሩን ይቀንሰዋል፣ ያኔ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ካምቢዮውን በ2 ቁጥር ይያዙ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይዙር፣ የሙቀት ጌጁን ከዓይንዎ አያርቁ። ከጎሃ ጽዮን በፊት ራዲያተሩን በአየር ያጽዱ፣ ባዶውን ያምጡት፣ ተሳፋሪ አይጫን።

የፍጥነት መቀነሻ ጉብታም አይናቁ። አፍንጫው ከፊት ጎማ 2.7 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ የመግቢያ አንግሉ 7 ዲግሪ ነው፤ ከ12 በመቶ በላይ በድንገት የሚነሳ ዳገት ፓራውልቱን ይፈቀፍቃል። ከፍ ማድረጊያውን ተጭነው በእግር ፍጥነት ይለፉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ራሱ ወደ መደበኛው ከፍታ ይመለሳል።