ሰውና ከብት በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የዌልስ ረጅም ቤት

ጥያቄ፦ የምኖረው በካርዲፍ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው፣ ጥንታዊ ቤቶች ከየቦታቸው ተነቅለው እንደገና በተተከሉበት የሴንት ፋገንስ ሙዚየም ግቢ ኪለዌንት የሚባል የድንጋይ የገበሬ ቤት ጎብኝቼ ነበር። ሰዎችና ከብቶች በአንድ በር ይገቡ እንደነበር ሲነገረን ገረመኝ። ባለቤቶቹ ለከብቶቻቸው የተለየ በረት መሥራት አቅቷቸው ነው ወይስ ቤቱ ሆን ተብሎ እንዲህ ተሠራ?

መልስ፦ ሆን ተብሎ ነው፤ ውጥኑም የሚጀምረው ከቦታው አመራረጥ ነው። ዌልሾች «ቲ ሂር»፣ ማለትም ረጅም ቤት፣ የሚሉት ይህ ዓይነቱ ቤት በኮረብታማው አገር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው አንዱን ጫፍ ወደ ዳገቱ፣ ሌላውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነው። ገበሬው ዳገቱን በላይ በኩል ቆርጦ፣ የወጣውን አፈር በታች በኩል ደልድሎ ጠባብ መደብ ያበጅና ቤቱን በዚያ ላይ ይዘረጋዋል። ሰው በላይኛው ጫፍ ይኖራል፤ ከብት በታችኛው ይታሰራል። ስለዚህ የጋጣው ፍሳሽ በወለሉ ላይ በተበጀው ቦይ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ወደ ምድጃው የሚመጣበት መንገድ የለም።

በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቤቱን ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ የሚያቋርጥ መተላለፊያ አለ። የቤቱ ትልቁ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በበሩ የገባ ሰው ወደ ምድጃው ሲታጠፍ፣ ላሞቹ በዚያው በር ገብተው ወደ ቁልቁለቱ ያቀናሉ። ሌሊት ላም ምጥ ቢይዛት ወይም በረዶ ደጁን ቢዘጋው ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ ከብቶቹ ዘንድ ይደርሳል፤ ሌባም ቢመጣ በቀላሉ አይሳካለትም። የከብቶቹ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቅ ነበር የሚባለው ውሸት ባይሆንም፣ እኔ ከሙቀቱ ይልቅ ይህን ቅርበትና ጥበቃ አስበልጣለሁ። ላም እሳት እያየች ስትታለብ ወተቷ ይበዛል የሚል እምነትም በዌልስ ነበር። በአገራችን ደጋ ጋጣው ከቤቱ ውስጥ በሆነበት ያደገ አንባቢ በዚህ ሁሉ ብዙም አይደነቅም።

ድህነት ነው እንዳንል የሚከለክለን ደግሞ እንጨቱ ነው። የቀደሙት ቤቶች ጣሪያ የሚያርፈው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በተፈጥሮው የጎበጠ ትልቅ የኦክ ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሁለቱ ግማሾች ከመሬት ተነሥተው አናት ላይ እንዲገናኙ በሚደረግበት ማዕቀፍ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ግንድ የሚያገኘውና ለአናጢ የሚከፍለው ደህና ኑሮ ያለው ገበሬ ነው፤ የዚያ ዘመን ድሃ ቤት ግን ፈርሶ ጠፍቷል። በዚያው ሙዚየም ከዴንቢሻየር ተነሥቶ የተተከለውን ሄንድረር ኧዊድ ኢሃፍ የተባለውን የሣር ክዳን ቤት ቢያዩ ይህን ማዕቀፍ በግልጽ ያገኙታል። ግድግዳው ማገርና ጭቃ ነው፤ መስኮቱ መስተዋት የለውም፣ የእንጨት ዘንጎች ብቻ ተደርድረውበታል። እሳቱ የሚነደው በወለሉ ላይ ስለሆነ ጭሱ መውጫ ፍለጋ ወደ ክዳኑ ይወጣል፤ እንዲህ ባሉ ቤቶች የጣሪያው እንጨት በጥላሸት የጠቆረውም በዚህ ምክንያት ነው።

እርስዎ ያዩት ኪለዌንትም ከራያደር አጠገብ ካለው የክላይርዌን ሸለቆ የመጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1470 ገደማ መጀመሪያ ሲሠራ የእንጨት ቤት ነበር። የድንጋይ መልኩን ያገኘው በ1734 እንደገና ሲታነጽ ነው። በ1955 ተነቅሎ በ1959 በሙዚየሙ ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ በድንጋይ መሠራት ከጀመሩ በኋላ የመጣው ትልቅ ለውጥ የጭስ ማውጫው ነው። በብዙ ረጅም ቤቶች ምድጃው ጀርባውን ለመተላለፊያው ሰጥቶ ስለተገነባ፣ ወደ መኖሪያው የሚገባ ሰው በምድጃው ጎን ዞሮ ያልፋል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሙዚየሙ የመጀመሪያ ኃላፊ ዮርወርት ፒት ስለ ዌልስ ቤቶች ያሳተሙት የ1940 ጥናት ረጅሙን ቤት በሰፊው አሳወቀው፤ ከእሳቸው በኋላ የመጡ አጥኚዎች ግን ርዝመት ብቻውን አይበቃም፣ ከመኖሪያው ወደ ጋጣው በውስጥ መሸጋገሪያ ሊኖር ይገባል አሉ። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ከቤት ጋር የተጣበቀ በረት ሁሉ ረጅም ቤት ከተባለ ስሙ ትርጉም ያጣል።

ጥያቄ፦ ሄንድረር ኧዊድ ኢሃፍ የተሠራው በ1508 ነው ይባላል። ጽሑፍ ሳይኖር ዓመቱ እንዴት በትክክል ታወቀ?

መልስ፦ በዛፉ የዕድገት ቀለበቶች ነው። ኦክ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ቀለበቱም እንደ ዓመቱ አየር ይሰፋል ወይም ይጠባል። ባለሙያው ከምሰሶው ቀጭን ናሙና ሰርስሮ ያወጣና የቀለበቶቹን ቅደም ተከተል ዕድሜያቸው ከታወቀ እንጨቶች ጋር ያመሳክራል። ከልጡ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካልተጠረበ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ይገኛል፤ አናጢዎቹም ኦክን እርጥብ ሳለ ይጠርቡት ስለነበር ግንባታው ከዚያ እምብዛም አይርቅም። ያ ቀለበት በመጥረቢያ ከተነሣ ግን የሚገኘው ግምት ብቻ ነው።